በጾም የተለካው ቬሎ

ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴ ላይ መጮኼን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ይህን አንዱን ግን ሁልጊዜ አልፌዋለሁ። በየዓመቱ ስቅለት ዕለት ከሴቶቹ ጋር ተሰልፌ፣ የወይራው ቅጠል ጀርባዬን ሲነካኝ፣ «ሌላስ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ ነበረ። ለእናቴ አልነገርሁም፤ ለአሠሪዬ አልነገርሁም፤ አብራኝ ለምትኖረው ጓደኛዬም አልነገርሁም። የመጀመሪያ ሰሚዎቼ እናንተ ናችሁ። ፊታችሁን ስለማላየው ነው መሰለኝ የደፈርሁት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር፣ ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ከገጠር አክስቴ ዘንድ መጣሁና እትዬ ውብነሽ የሚባሉ የሴት ልብስ ሰፊ ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ክር መልቀም፣ ቀጥሎ መተኮስ፣ ቀጥሎ ስፌት መፍታት፣ በመጨረሻ ማጥበብና ማስፋት አስተማሩኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ደንበኛ ሲገባ አንገቴን ደፍቼ ሜትሩን አነሣለሁ እንጂ እንዴት ዋልሽ እንኳ በወጉ አይወጣኝም። «ይህች ልጅ ምላሷን ለእናቷ አደራ ሰጥታ ነው የመጣች» እያሉ እትዬ ውብነሽ ይስቁብኝ ነበር። ደንበኞቹ ግን ዝምታዬን ወደዱት። ዝም የሚል ሰው የሚዋሽ አይመስላቸውም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የታመንሁት በዚህ ነው።

እትዬ ውብነሽ አንድ ሕግ ነበራቸው። በሁዳዴ የተለካች ሙሽራ ልብሷ ሲጠብ ትርፉ ጨርቅ አይቆረጥም፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። ሠርጉ ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ይደራረባል፤ ልብሱ ግን አስቀድሞ በጾሙ ነው የሚስተካከለው። ስለዚህ የምንለካት ሴት ሌላ፣ የምትዳረዋ ሴት ሌላ ትሆናለች። «በጾም የለካሻት በፋሲካ አትገኝም» ይሉኝ ነበር። «ቅቤው አለ፣ ዶሮው አለ፣ ሙሽራ ናት ተብላ ከሥራ ተከልክላ መቀመጡ አለ። ጨርቋን ከቆረጥሽባት ከየት ታመጭላታለሽ?» ይህን ሰምቼ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ። አላውቅም ነበር የምልበት መንገድ የለኝም።

ከዓመታት በፊት የለካኋት ሙሽራ ብርቄ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው የኮሶዬ ልጅ ናት። አባቷ አያ ተገኘ ገበሬ ነበሩ። የታጨችው ለአንድ የጎንደር ዲያቆን ነው፤ ቤተሰቡ የካህናት ቤተሰብ ነው። በተክሊል ሊጋቡ ነበር። ተክሊል ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ እሷ ላይ ጥርጥር ካለ አክሊሉ አይደፋም፣ እሱም ቅስና አይቀበልም። ቬሎው የዲያቆኑ እኅት ንብረት ነበር። እኅቱ ነርስ ናት፣ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። በራሷ ሠርግ የለበሰችውን ለወንድሟ ሙሽራ ሰጠቻት፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለግብዣው እንድትለብሰው። ሲስተር ሞላ ያለች ሴት ናት። ብርቄ በዚያ ጾም የሸምበቆ ያህል ነበረች። ቬሎው ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ድረስ ብዙ መጥበብ ነበረበት።

ያን ጊዜ እትዬ ውብነሽ ጉልበታቸውን ታመው ጠበል ሊገቡ ነበር። ፋሲካንም እዚያው ሊውሉ ነው። «ይህን አንቺ ትሠሪዋለሽ። የነገርሁሽን አትርሺ» ብለውኝ ሄዱ። ሙሉ የሙሽራ ልብስ ለብቻዬ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

እንደተነገረኝ አጥፌ ሰፋሁት። ብርቄ ለብሳው መስታወቱ ፊት ቆመች። ቤታቸው ያለው መስታወት ፊት ብቻ የሚያሳይ ነው አለችኝ። «ወይ ጉድ! ይቺ እኔ ነኝ? ሸጋ ነው እኮ!» አለች። ከዚያ እጇ ወደ ጎኗ ሄደ። የታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ከሳቲኑ ሥር እንደ ገመድ አብጦ ይታይ ነበር። በጣቷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተከትላ ዳሰሰችው። እኔን እንዳታሳፍር ቶሎ እጇን አነሣች። እኔ ግን አየሁ።

ስትሄድ መቀሱን አነሣሁ። በሁለቱም ጎን ቆረጥሁት። የእትዬ ውብነሽ ሕግ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ትዝ እያለኝ ቆረጥሁት። ምን ፈልጌ? ብርቄ እንደገና ስትለብሰው እጇ ወደ ጎኗ እንዳይሄድ ፈልጌ። እትዬ ውብነሽ ከጠበል ሲመለሱ ሰው ሥራዬን ሲያመሰግንላቸው ለመስማት ፈልጌ። ቁርጥራጩን ትራስ ከምንሞላበት ጆንያ ከተትሁት። መልሳ ስትለብሰው ልብሱ እንደ ውኃ ወረደላት። እሷም ፈነደቀች፣ እኔም ደስ አለኝ። ያን ደስታ አልክደውም።

እስከዚህ ያለው የአንዲት ስፌት ለማጅ ጥፋት ነው። እትዬ ውብነሽ ይቆጡኛል፣ ሲስተር ታዝናለች፣ በዚህ ያልቃል። በደሌ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሲስተር ብርቄን ይዛት ለመጨረሻ ጊዜ ልታስለካት መጣች። ብርቄ ተለውጣለች። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ፣ ውኃ እየቀዳች፣ እንጨት እየተሸከመች የጾመች ልጅ ነበረች። ከፋሲካ ወዲህ ግን እናቷ ሥራ አስጥላ፣ ቤት አስቀምጣ፣ በቅቤና በወተት ቀልባታለች። ፊቷ ሞልቷል፤ ክንዷ ወዝቷል። «እናቴ እኮ እንደ ሠንጋ አደለበችኝ» አለች፣ እየሳቀች ስትለብስ።

ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ትንፋሽሽን ሳቢ» አልኋት። ሳበች። አልተዘጋም። ደግሜ ጎተትሁ፣ አልተዘጋም።

«ምነው፣ ምን ሆነ?» አለች ሲስተር ከወንበሯ ተነሥታ።

«የዶሮው ሥራ ነው ሲስተር፣ እግዜር ይይለት» አለች ብርቄ። አሁንም ትስቃለች።

ሲስተር አልሳቀችም። ዐይኗ ብርቄ ሆድ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «በጾሙ ስታለብሻት በደንብ ሆኗት ነበር?» አለችኝ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ዐውቄዋለሁ። «እንግዲያው ፍቺና አስፊው» ልትለኝ ነው። ልብሱን ገልብጣ ውስጡን ልታየው ነው። የራሷ የሠርግ ልብስ ነው፣ እኔ ደግሞ ቆርጬ ትራስ አድርጌዋለሁ። እትዬ ውብነሽ ያባርሩኛል፤ ወደ ገጠር እመለሳለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። እናም እኔ፣ ሰላምታ እንኳ በወጉ የማይወጣኝ እኔ፣ ጥርት አድርጌ ተናገርሁ።

«ልብሱ ምንም አልሆነ። ሆዷ ነው የጨመረ።»

ወፈረች ማለት እችል ነበር። ክንዷም ጨምሯል፣ ጀርባዋም ጨምሯል፣ ወገቧም ጨምሯል። ይህን ሁሉ በእጄ ይዤ ዐውቀዋለሁ። እኔ ከዚያ ሁሉ መርጬ ሆዷ አልሁ። ሲስተር ምን እንደምታስብ ዐውቄ ነው የመረጥሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ጨርቁ የጠየቀኝ የለም።

የብርቄ ሳቅ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም ነበር፤ ሲገባት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ሲስተር፣ በማርያም፣ እኔ እኮ...» ብላ መጨረስ አቃታት። ሲስተር አልተቆጣችም። በለሆሳስ፣ «በይ ልብስሽን ልበሺ። ነገ አብረን ሄደን ትታያለሽ» አለቻት። ቬሎውን ራሷ አጣጥፋ በፌስታል ይዛው ወጣች። ብርቄ ከኋላዋ ሄደች። እኔ መርፌ እየለቀምሁ ቀረሁ።

ምርመራው ምንም የለም አለ። ይህን ሲስተር ራሷ ለቤተሰቧ ተናግራለች፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን የዲያቆን ሙሽራ መመርመሯ ከተሰማ በኋላ ውጤቱን ማን ይጠይቃል? ሰው የሚያወራው መመርመሯን ነው። የዲያቆኑ አባት «እስከ መስከረም እንቆይ፤ ጊዜ ያሳየናል» አሉ። ጊዜ የሚያሳየው ምን እንደሆነ የማይገባው ሰው አልነበረም።

ያን ሰሞን አያ ተገኘ ከኮሶዬ ወርደው ወደ እኛ ሱቅ መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገቡም።

«ልጄን የለካሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ አያ።»

«እንግዲህ በእግዜር ስም አንዲት ነገር ልጠይቅሽ። የጠበበው ጨርቁ ነው ወይስ የሰፋችው ልጄ ናት?»

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ሲስተር የለችም፣ ደንበኛ የለም፣ እትዬ ውብነሽ ገና ጠበል ናቸው። አንድ ቃል ብመልስላቸው ኖሮ ያንኑ ቀን ወደ ዲያቆኑ ቤት ሄደው ሠርጉን ያድኑት ነበር። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳሱ ሊጣል ነው፣ ዘመዱ ተጠርቷል። ሁሉም በእኔ አፍ ላይ ነበር።

«እኔ እንጃ አያ። የታዘዝሁትን ነው የሠራሁ» አልኋቸው።

የታዘዝሁት እኮ እንዳልቆርጥ ነበር!

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። ከዚያ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ታረጊ፤ አንቺም የሰው ልጅ ነሽ። እናትሽን ያቆይልሽ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ቢረግሙኝ በተሻለኝ። መረቁኝ።

«የተጠረጠረች ልጅ አልሰጥም፤ ልጄ እስክትታመን ደጅ አትጠናም» ብለው ሠርጉን ያፈረሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጠላው ከነጋኑ ሆመጠጠ። ዲያቆኑ ቆይቶ ሌላ አገባ፣ ቅስናውንም ተቀበለ። አያ ተገኘ ከዚያ ወዲያ ከሰው ማዕድ ራቁ፤ ሰንበቴም አይሄዱም ነበር አሉ። ጥቂት ዓመት ቆይተው ዐረፉ። ቀድሞም ሕመም ነበረባቸው ይላሉ። እኔ ገደልኋቸው አልልም። አልገደልኋቸውም ለማለትም አፍ የለኝም።

እትዬ ውብነሽ ሲመለሱ፣ «የኮሶዬዋ ሙሽራስ?» አሉኝ። «ሠርጉ ፈርሷል፤ ልብሱን ወስደውታል» አልኋቸው። «ውይ፣ ምነው?» አሉ። «እንጃ» አልሁ። ዝምተኛ ሰው ነገር አያበዛም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

እነዚህን ዓመታት በምን ኖርሁ? ድርሻ በማከፋፈል ኖርሁ። አርግዛለች አላልሁም፤ ያሰበችው ሲስተር ናት። ምርመራው ንጹሕ ነው ብሏል፤ ያላመኑት የዲያቆኑ አባት ናቸው። ሠርጉን ያፈረሱት አያ ተገኘ ናቸው። ዲያቆኑ ቢወዳት ኖሮ ዝም ባላለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለሁሉም ድርሻ ድርሻውን ስሰጥ የእኔ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንዳንድ ቀን ጨርሶ የማይታየኝ ሆነ።

ዘንድሮ፣ በሁዳዴው አጋማሽ፣ ብርቄ ሱቁ ውስጥ ገባች።

ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታለች። አላገባችም። ድምፅዋ ጎላ ብሏል፤ ሾፌርና መንገደኛ ስታስተናግድ የለመደችው ነው። ቀጭን ልጅ ከኋላዋ ቆማለች። እትዬ ውብነሽ አሁን ደክመዋል፤ ሥራውን ለእኔ ለቀውልኛል። ስታየኝ ሳቀች። «አወቅሽኝ? ያች ሆዳሟ ነኝ!» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ጉንጬን ሳመችኝ።

ልጅቱ ታናሽ እኅቷ ፀሐይ ናት። ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። ቬሎ ገዝተውላታል፤ ሰፍቷታል። «ካንቺ ሌላ ሰው አላምንም» አለችኝ ብርቄ። «እጅሽ ሸጋ ነው። የዚያን ጊዜ እንዴት አድርገሽ ነበር የሠራሽው! ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንጂ።»

ፀሐይን ለካኋት። ጎኗ አጥንት ነው። ጾም ሰውን ያከሳል፣ ይህ ግን ጾም ብቻ አልነበረም። ሜትሩን ሳዞርባት ዐይኗን ጨፈነች።

«በደንብ አጥብቢው» አለች ብርቄ። «ትርፉን ደግሞ ቁረጪው። የሚፈታ ነገር አታስቀሪባት።»

«እቴ ብርቄ፣ የፋሲካን ዶሮም አልቀምስ?» አለች ፀሐይ በቀስታ።

«ከሠርግሽ በኋላ እንደ ልብሽ ብዪ። እኔ ምን ሆንሁ? ጎረስሁ። አባቴን የገደለች የኔ ጉርሻ ናት። አንቺ አፍሽን ትዘጊያለሽ!» ይህን ስትል አልተቆጣችም። እኔን ዐይታ ፈገግ አለች፤ ምስክሯ አድርጋኝ ነው። «አይደለም እንዴ? አንቺ እኮ ነበርሽ፤ ሆዷ ነው የጨመረ ያልሽ።»

«እሺ» አልሁ።

ሲሄዱ ልብሱን አጥፌ ሰፋሁት፤ አልቆረጥሁም። መጀመሪያ ይህ ጥሩ ሥራ መሰለኝ። ኋላ ግን ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ጨርቁን አተረፍሁ፣ ልጅቱን ግን ከነረኃቧ ሰደድኋት። ልብሱ እንደሚሰፋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷ በፋሲካ ጧት ቤተሰቧ ሲገድፍ እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች። ብርቄ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት አባቷን በጉርሻዋ እንደገደለች እያሰበች ነው የኖረችው። እኔ ድርሻ ሳከፋፍል፣ እሷ ሁሉንም ብቻዋን ተሸክማዋለች።

ዐይን አፋር ስለሆንሁ ነው ማለት አልፈልግም። ፈርቼ ነው ማለትም አልፈልግም። ዐይን አፋር ሰው፣ የፈራ ሰው፣ ዝም ይላል። እኔ የዚያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ሲስተር ልብሱን ትገለብጠው ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ተናግሬያለሁ። ዝም ያልሁት መናገር በሚገባኝ ጊዜ ነው።

አሁን ሰሙነ ሕማማት ነው። ነገ ጧት ወደ ደባርቅ በሚሄደው መኪና ተሳፍሬ ኮሶዬ እወርዳለሁ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። አያ ተገኘ ዘንድ የምደርስበት መንገድም የለኝም። የቀረችኝ ብርቄ ናት። በዚህ ሳምንት ሰው አይሳሳምም፤ ይህ ለእኔ ጥሩ ነው። ሳታውቅ አትስመኝም። ከነገርኋት በኋላ ልትስመኝ ብትፈልግ ፋሲካ ቅርብ ነው። ባትፈልግ ግን ፊቷን ስታዞርብኝ ቆሜ አያለሁ፤ አልቅሼም አላሳዝናትም።